ራይት ከመባላቸው በፊት ማን ነበሩ? የስኮትላንድ ስም አጻጻፍ የምታውቁ እባካችሁ

የልጆቹ_እናት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምኖረው ግላስጎው ነው፣ ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ የቤተሰብ ስማቸው ራይት ይባላል። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ እያስጠናች ልጆቼን በኔ በኩል ሰባት ቤት አስቆጥራቸዋለች፣ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ይወርዱታል። በአባታቸው በኩል ግን ስድስተኛው ላይ ቆመብን። አማቴ 84 ዓመታቸው ነው፣ ዘንድሮ ጤናቸው ጥሩ አይደለም፣ እና ሁሌ የሚሏት አንድ ነገር አለች፣ "አያቴ እኛ ድሮ ራይት አልነበርንም ይል ነበር" ይላሉ። ታዲያ ምን ነበራችሁ ሲባሉ አያውቁም፣ ልጅ ስለነበሩ አልጠየቁም፣ አሁን ይሄ ነገር ይቆጫቸዋል። በሕይወት እያሉ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

እስካሁን የያዝኩት ይሄን ነው። ስድስተኛው ሰውዬ ዱንካን ይባላል። በ1861 ቆጠራ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ግሪኖክ ከተማ የመርከብ አናጺ፣ ዕድሜው 40፣ የተወለደው አርድቻታን፣ አርጋይል ይላል። ሚስቱ ካትሪን ሊቪንግስተን። ልጆቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ጆን፣ አን፣ አርኪባልድ፣ ሜሪ፣ ትንሹ ዱንካን፣ መጨረሻ ላይ የኛ ሰውዬ ፒተር የ6 ዓመት ልጅ። በ1871 ካትሪን ባሏ የሞተባት ተብላ ነው የተጻፈችው ግን የዱንካንን የሞት መዝገብ በራይት ብዬ ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ባሕር ላይ ሞቶ ይሆናል። አርድቻታን ላይ ከ1815 እስከ 1830 የተወለደ ዱንካን ራይት ብዬም ፈለግኩ፣ ባዶ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ እዚሁ ነገር ላይ ስሽከረከር።

የአራዳ_ልጅ_ለንደን፦
እህቴ ራይት ማለት እኮ አናጺ ማለት ነው። ሰውዬው የመርከብ አናጺ ነው አልሽ፣ በቃ ሥራው ስም ሆኖበት ነዋ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
እንደምን አላችሁ ልጆች። እኔ ኤድንብራ 31 ዓመት ኖሬአለሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የባለቤቴን ዘመዶች ስፈልግ ነው የሰነበትኩት።

የአራዳ ልጅ የያዝከው ክር ትክክል ነው ግን ሌላ ቦታ ነው የሚወስደን። በ1800ዎቹ ስም ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው፣ ሰው በያዘው ሥራ አዲስ ስም የሚወጣለት ጊዜ አልፏል። ዋናው ቁልፍ አርጋይል የሚለው ነው። አርጋይል ማለት በስኮትላንድ ምዕራብ ያለ አውራጃ ነው፣ ያኔ የጌሊክ፣ ማለትም የተራራማው ስኮትላንድ የድሮ ቋንቋ፣ ተናጋሪ አገር ነው። በጌሊክ "የአናጺው ልጅ" የሚል ስም አለ፣ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ጆሮው እንደሰማው ሲጽፈው ማኪንታየር ይሆናል፣ ትርጉሙን ሲወስደው ደግሞ ራይት ይሆናል። ማኪንታየሮች ደግሞ ጥንታዊ ቦታቸው እዛው ሎክ ኤቲቭ የሚባለው የባሕር ሰርጥ ዳር ግሌን ኖ የሚባል ሸለቆ ነው፣ አርድቻታን ማለት የዛው አካባቢ አጥቢያ ነው። እኔ ብሆን ማኪንታየር ብዬ ነበር የምጀምረው።

ይሄ የነሱ ብቻ አይደለም። "የአንጥረኛው ልጅ" የሚለው አንዱ ጋ ማክጋዋን፣ አንዱ ጋ ጋው፣ አንዱ ጋ ስሚዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። "የኢያን ልጅ" የሚለው ማኪያንም ጆንሰንም ሆኗል። ሰው ከተራራው ወርዶ ግሪኖክ፣ ፔዝሊ፣ ግላስጎው ለሥራ ሲገባ አሠሪውም ጎረቤቱም ጌሊክ አያውቅም፣ ስሙን እንዲጠሩለት በነሱ ቋንቋ ይለውጠዋል። እኛም ውጭ አገር ስንመጣ ያየነው ነገር ነው።

ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ፒተር የተወለደው በስንት ነው? የልደት ወረቀቱን ምስል ከፍተሽ አይተሽዋል ወይስ ማውጫውን ብቻ ነው ያየሽው?

የልጆቹ_እናት፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ! ፒተር የካቲት 1855፣ ግሪኖክ። ማውጫውን ብቻ ነው ያየሁት፣ ስሙና ዓመቱ ከገጠመ ምስሉ ምን ይጨምርልኛል ብዬ ብር አላወጣሁበትም።

ጋሽ_መዝገቡ፦
1855! ልጄ ዛሬ ማታውኑ ክፈችው። ስኮትላንድ ውስጥ የመንግሥት ምዝገባ፣ እኛ ወሳኝ ኩነት የምንለው፣ የተጀመረው ጃንዋሪ 1 1855 ነው። ከዛ በፊት የነበረው የአጥቢያ ቤተክርስቲያን መዝገብ ነው። እና የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምዝገባውን ያወጡት ሰዎች ብዙ ነገር እንዲጻፍ ነው የጠየቁት፣ የልደት ወረቀት ላይ የእናትና የአባት ዕድሜ፣ የት እንደተወለዱ፣ መቼና የት እንደተጋቡ፣ ከዚህ በፊት ስንት ልጅ እንደወለዱ ሁሉ አለ። ሥራው ስለበዛባቸው በ1856 አብዛኛውን ተዉት፣ የጋብቻው ቀንና ቦታ ብቻ በ1861 ተመለሰ። የ1855 ልጅ ያለው ቤተሰብ እድለኛ ነው። ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥቱ ዌብሳይት ላይ ማውጫውን መፈለግ ነጻ ነው፣ የሚከፈለው ለምስሉ ነው።

ሸዋ_በዲሲ፦
እኔ ደግሞ የሰማሁት ስም የሚበላሸው ኤሊስ አይላንድ ላይ፣ ድሮ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ስደተኛ የሚመረመርበት ደሴት ላይ ነው፣ መኮንኖቹ መጥራት ሲያቅታቸው የፈለጉትን ይጽፉ ነበር ይባላል። የስኮትላንዶቹም ወደ አሜሪካ የሄዱት እንደዛ ነው የተለወጡት። ሌላው ደግሞ ስም መጀመሪያ ላይ የሚገባው ማክ፣ "የእገሌ ልጅ" የሚለው፣ በኤም ኤ ሲ ሲጻፍ ስኮትላንድ፣ በኤም ሲ ሲጻፍ አይሪሽ ነው፣ ስለዚህ እህቴ መጀመሪያ እሱን ለዪ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ወንድሜ ሁለቱም በጣም የተለመዱ ወሬዎች ናቸው፣ ሰውን መንገድ ስለሚያስቱ ነው የምመልስልህ። ኤሊስ አይላንድ ላይ የነበሩት መርማሪዎች ስም አይጽፉም ነበር፣ መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተሞልቶ የመጣውን የተሳፋሪ ዝርዝር ይዘው ነው የሚጠይቁት። ቦታውም የተከፈተው በ1892 ነው፣ ከዛ በፊት የሄደው ስኮትላንዳዊ ስፍር ቁጥር የለውም። ስሙን የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ራሱ ነው፣ ከገባ በኋላ፣ ቀስ እያለ። ኮልኩሁን ተብሎ የሚጻፍ ስም አለ፣ ሲነበብ ካሁን ነው። አሜሪካ ሲደርስ ካልሁን ሆኖ ተጻፈ፣ ሰው እንደሚጠራው።

ማክም ያው ነው። ኤም ሲ ማለት የኤም ኤ ሲ ማሳጠሪያ ነው እንጂ የአገር ምልክት አይደለም። ጸሐፊው ወረቀት ለመቆጠብ ኤም ብሎ ጭረት ያደርግበታል፣ ወይ ሲዋን ከላይ አንጠልጥሎ ከሥሯ ያሰምራል። አንድ ሰው በልደቱ ማክ፣ በጋብቻው ኤም ሲ፣ በሞቱ ኤም ከጭረት ጋር ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ማኩ ወድቆ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ይሄ የኛ አይደለም ብሎ መዝገብ የዘለለ ሰው ዘመዱን ዘለለ ማለት ነው።

ሸዋ_በዲሲ፦
እሺ ጋሼ ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። እውነትም እኔና ወንድሜ ያንድ አባት ልጆች ሆነን የአባታችን ስም የኔ ፓስፖርት ላይ በአይ ነው የሱ በዋይ ነው፣ ማንም ኤርፖርት ላይ አልቀየረብንም፣ አዲስ አበባ ፎርሙን የሞሉልን ሰዎች የተለያዩ ስለነበሩ ነው። የልጅ ልጆቻችን ዘመድ መሆናችንን በወረቀት ማስረዳት ሊያቅታቸው ነው።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ጥያቄ አለኝ፣ ሰዎቹ የራሳቸውን ስም መጻፍ አያውቁም ነበር ማለት ነው? አንድ ሰው እንዴት በየወረቀቱ ሌላ ፊደል ይሆናል።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ብዙዎቹ አይጽፉም ነበር፣ የኤክስ ምልክት ነው የሚያደርጉት፣ ስለዚህ ስሙ ጸሐፊው የሰማው ነው። ግን መጻፍ መቻል ብቻውን አያድንም። የአገሩ ትልቅ ገጣሚ ሮበርት በርንስ ጃንዋሪ 25 1759 ሲወለድ የአጥቢያው ጸሐፊ አባቱን በርንስ ብሎ መዘገባቸው፣ አባትየው ግን ራሳቸው ሲጽፉ በርነስ ነበር የሚሉት፣ አንድ ፊደል ጨምረው። ሮበርትና ወንድሙ ጊልበርት በ1786 ነው በርንስ ላይ የጸኑት፣ ሌሎቹ ዘመዶች በድሮው ቀሩ። የግላስጎው አርክቴክት ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽም ቢሆን በልጅነቱ የተጻፈው ማኪንቶሽ ኬ የላትም ነበር፣ ቤተሰቡ በ1893 ገደማ ነው ያስገባት። ንጉሣውያኑ እንኳን ስቱዋርት የሚለውን በደብልዩ ሲጽፉ ኖረው የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ፈረንሳይ ስታድግ ደብልዩዋ በዩ ተተካች፣ ፈረንሳዮች ደብልዩ የላቸውማ። ትክክለኛ አጻጻፍ የሚባል ነገር ያኔ በሰው አእምሮ ውስጥ አልነበረም፣ ድምፁ ከገጠመ ስሙ ስሙ ነው።

ደግሞ የጠፋች ፊደል አለች። ዮግ ይሏታል፣ 3 ቁጥርን ትመስላለች። ማተሚያ ሲመጣ የዮግ ፊደል ስለሌለ ዜድ አስገቡላት፣ ስለዚህ ሜንዚስ ተብሎ ተጽፎ ሚንጊስ ይባላል፣ ዳልዚል ተጽፎ ዲዬል ይባላል። እኛ ሀ ሐ ኀ ሦስቱንም ፊደል ይዘን ድምፁ አንድ ሆነብን፣ እነሱ ፊደሏን አጥተው ድምፁ ቀረላቸው። ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁ ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት ሁሌ ጠይቁ፣ ከወረቀቱ ይልቅ አፍ ያስታውሳል።

ተማሪው_አበርዲን፦
ጋሼ እዚህ በኛ በኩል ያለውን ልጨምር። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ባኪ፣ ፊንዶክቲ፣ ፖርትኖኪ የሚባሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች አሉ፣ የመንደሩ ሰው ግማሹ ስሚዝ፣ ፍሌት፣ ካዊ ምናምን ነው፣ አንድ ዓይነት የራስ ስም ያላቸው አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ይበዛሉ። ስለዚህ ቲ ኔም የሚሉት ቅጽል ስም ያወጣሉ፣ ያ ቅጽል እስከ መዝገብ ድረስ በቅንፍ ይገባል፣ ጭራሽ ማውጫ ውስጥ ቅጽሉ እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ይገኛል። ሌላው የሸትላንድ ደሴቶች ናቸው፣ እስከ 1469 የኖርዌይና የዴንማርክ ንጉሥ ግዛት ነበሩ፣ እና ስማቸው እንደኛው ነው የአባት ስም ነው የሚከተለው! የማግነስ ልጅ ኦላ ኦላ ማግነስሰን ይባላል፣ የኦላ ልጅ ደግሞ ኦላሰን፣ ሴቷም የእገሌ ሴት ልጅ ትባላለች። እስከ 1800ዎቹ ድረስ ዘልቋል። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የሸትላንድን ዘር ቆጠራ ከእንግሊዙ ቶሎ ይገባዋል።

የአራዳ_ልጅ_ለንደን፦
ስም የቀየሩት ተደብቀው ቢሆንስ? ማለቴ ወንጀል ወይ ፖለቲካ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
እሱም አለ፣ የታወቀው ማክግሬጎር የሚባለው ጎሳ ነው። በ1603 ግሌን ፍሩን ላይ ከኮልኩሁኖች ጋር ከተዋጉ በኋላ በዛው ዓመት ኤፕሪል 3 የንጉሡ ምክር ቤት ማክግሬጎር የሚለውን ስም መጠራት በሞት የሚያስቀጣ አደረገው። ሰዎቹ ካምቤል፣ ድራሞንድ፣ ግራንት፣ መሬይ፣ ስቱዋርት እየሆኑ ተበተኑ። በ1661 ተፈታ፣ በ1693 እንደገና ታገደ፣ በመጨረሻ የተነሳው በ1774 ነው። ከነሱ ውስጥ ታዋቂው ሽፍታ ሮብ ሮይ እንኳን ካምቤል እያለ የእናቱን ስም ተጠቅሟል። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ አንዳንዱ ስሙን መለሰ፣ አንዳንዱ የተዋሰው ስም ላይ ቀረ፣ አሁን ልጆቹ የቱ ካምቤል እንደሆኑ አያውቁም። የልጃችን ጉዳይ ግን ይሄ አይመስለኝም፣ የሷ የከተማ ነገር ነው።

የልጆቹ_እናት፦
ከፈትኩት!!! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አባት ዱንካን ራይት፣ 34፣ አርድቻታን። እናት ካትሪን ሊቪንግስተን፣ 33፣ አርድቻታን። የተጋቡት 1843 አርድቻታን። ወዲያው ሄጄ የ1843 ጋብቻ ማኪንታየርና ሊቪንግስተን ብዬ ፈለግኩ፣ በዋይም በአይም፣ መጀመሪያው በአይም በኢም በኤም ቀያየርኩት፣ ምንም የለም። ራይትና ሊቪንግስተንም ምንም። ጋሼ ተሳስተን ይሆን እንዴ?

ጋሽ_መዝገቡ፦
አልተሳሳትንም፣ የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሚስትየዋን ረሳኋት። እሷም እኮ የዛው አገር ልጅ ናት። እዛ አካባቢ፣ አፒንና ሊዝሞር ላይ፣ ማክሊ የሚባሉ የጌሊክ ቤተሰቦች ሊቪንግስተን የሚለውን ስም ወስደዋል። ዶክተር ዴቪድ ሊቪንግስተን፣ አፍሪካ የመጣው፣ አያቱ አልቫ ከምትባለው ደሴት ናቸው፣ የዘር ሐረጉ ወደነዚሁ ማክሊዎች ነው የሚሄደው። እሱም ቢሆን ወጣት ሆኖ ስሙን ሲጽፍ መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ የለችም ነበር፣ በኋላ ነው የገባችው።

ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስማቸውን ጥለው ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ሲሆን የቤተሰብ ስም ይዘሽ አታገኛቸውም። እንዲህ አድርጊ፣ የወንዱን የቤተሰብ ስም ኤም ብለሽ የኮከብ ምልክት አድርጊና ተይው፣ የሷን ባዶ ተይው፣ የራስ ስማቸውን ዱንካንና ካትሪን አስገቢ፣ ካትሪን በሲም በኬም ሞክሪ፣ አጥቢያውን አርድቻታን፣ ዓመቱን 1843 ላይ አጥብቢው። ትንሽ አጥቢያ ነው፣ ብዙ አይመጣብሽም።

አንድ ሌላ ማጣሪያ፣ የ1881 ቆጠራ ላይ ካትሪን በሕይወት ካለች እያት፣ ጌሊክ ትናገራለህ ወይ የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተጠየቀው በዛ ዓመት ነው።

አዲስ_ገቢ፦
ሴቶቹ ሲያገቡ የባላቸውን ስም አይወስዱም እንዴ? እንዴት ነው በራሷ ስም የምትፈለገው?

ተማሪው_አበርዲን፦
ስኮትላንድ ውስጥ ድሮ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትጥልም ነበር ልክ እንደኛ። መቃብር ድንጋይ ላይ ሁሉ የባልየው ስም ከላይ፣ ከሥር "ሚስቱ እገሊት" ተብሎ በራሷ ስም ነው። የልደትም የሞትም ወረቀት ላይ የእናትየው የአባት ስም ይጻፋል፣ እንግሊዝ ያሉ ዘር ፈላጊዎች በዚህ በጣም ነው የሚቀኑባቸው። በጣም የድሮ መዝገብ ላይ ደግሞ ወንዱ ማክ ሲሆን ሴቷ ኒክ ትሆናለች፣ የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው።

የልጆቹ_እናት፦
ሁለት ቀን ጠፋሁ ይቅርታ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው የምሠራው። አገኘሁት! 1843፣ አርድቻታን፣ ዱንካን ማኪንታየር እና ካትሪን ማክሊ። ሁለቱም! የሚመጣው ውጤት አራት ብቻ ነበር፣ ዱንካንና ካትሪን የተባሉት እነሱ ብቻ ናቸው። የ1881 ቆጠራም ካትሪን ግሪኖክ አለች፣ ጌሊክ ተናጋሪ ተብሎ ምልክት ተደርጎባታል። አስቡት፣ ልጆቿ ጋ አልተደረገም፣ እሷ ጋ ብቻ።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አርድቻታን ላይ ክርስትና የተነሳ ዱንካን ማኪንታየር ሁለት ነው፣ አንዱ 1820 አባቱ ጆን እናቱ ሜሪ፣ አንዱ 1822 አባቱ ዶናልድ እናቱ ጃኔት። ዕድሜው ለሁለቱም ይቀርባል።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ጎበዝ ልጄ። አሁን የልጆቹን ስም ተመልከቺ። በድሮው ልማድ የመጀመሪያው ወንድ በአባት አባት ይሰየማል፣ ሁለተኛው በእናት አባት፣ ሦስተኛው በአባትየው በራሱ። የመጀመሪያዋ ሴት በእናት እናት፣ ሁለተኛዋ በአባት እናት። ያንቺ ልጆች ጆን፣ አን፣ አርኪባልድ፣ ሜሪ፣ ዱንካን ናቸው። ዶናልድና ጃኔት የትም የሉም። ግን ልማድ ሕግ አይደለም፣ ሁሉም ሰው አይከተለውም፣ በሱ ብቻ አትደምድሚ። ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ የካትሪን ማክሊ ክርስትና ላይ አባቷ አርኪባልድ እናቷ አን ከሆኑ ልማዱን ይከተሉ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ የዶናልድን ልጅ ዱንካንን ተከተዪው፣ የት ደረሰ? በ1851 ቆጠራ እዛው አርድቻታን ካለ ያንቺ አይደለም። ስታይ ደግሞ የራስ ስም ላይም ተጠንቀቂ፣ ዶናልድ የተባለው ዳንኤል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ፒተር ደግሞ ፓትሪክ፣ ጃኔት ደግሞ ጄሲ።

ሸዋ_በዲሲ፦
እኔ ከሥራ እረፍት ሰዓቴ ላይ ይሄን ክር ነው የማየው። በርቺ እህቴ።

የልጆቹ_እናት፦
ካትሪን፣ 1822፣ አባት አርኪባልድ ማክሊ፣ እናት አን። የዶናልድ ልጅ ዱንካን በ1851 እዛው አርድቻታን እረኛ ነው፣ ማኪንታየር እንደተባለ፣ ሌላ ሚስት አለችው፣ በ1861ም አለ። ስለዚህ የኛው የጆን ልጅ ነው። ደግሞ ራይት በሚል ያጣሁትን የዱንካንን የሞት መዝገብ ባሕር ላይ የሞቱ ሰዎች ከሚመዘገቡበት ውስጥ በማኪንታየር ልፈልግ ነው፣ ምናልባት መርከብ ላይ በድሮ ስሙ ነበር የሚጠሩት።

እሁድ አማቴ ጋ ሄድን። ወረቀቱን ትልቅ አድርጌ አሳትሜ ነው የሄድኩት ምክንያቱም ዓይናቸው ይደክማል። ማኪንታየር ስላቸው ዝም አሉ፣ ከዛ በጣታቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነኩ አነበቡት፣ ከዛ አያታቸው ጀልባ ሲያድስ የሚዘፍነው ማንም የማይገባው ዘፈን ነበር አሉ፣ ምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር አሉ። ባለቤቴ አባቱን ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም ነበር።

ማታ እናቴ ስትደውል ትልቁ ልጄ ስልኩን ቀምቶ በአባቱ በኩል ወረደላት። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ጆን ማኪንታየር አለ፣ እናቴ ደግሞ "እንዴት ነው የምትለው፣ ቀስ ብለህ ድገምልኝ ልጽፈው ነው" አለችው። እሷ በአማርኛ እንዴት እንደጻፈችው ገና አላየሁም።

ጋሽ_መዝገቡ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። የጻፈችውን ፎቶ አስነሥተሽ ከወረቀቶቹ ጋር አስቀምጪው ልጄ፣ ከነቀኑ።